አሥራ ዘጠኝ የጀሶ መንጋጋዎች

ሐኪሟ የራጁን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ስትከፍተው ጥርሶ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። ጥርሶ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም፤ የሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥርስ ላለቀበት ሰው ተነቃይ ጥርስ ሲሠራ የኖረ ሰው ሌላ ምን ተብሎ ይጠራል? ከዚሁ ክሊኒክ በየሳምንቱ ትእዛዝ ይቀበላል። ዛሬ ግን የመጣው ሚስቱን ይዞ ነው። የታች ጥርሷን በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ቢያስተካክልላትም አልረጋ ብሏል፤ ከንፈሬን ይደነዝዘኛል ማለትም ጀምራለች። በእሱ ቤት፣ ሐኪሟ የሚያጣብቅ ነገር አዝዛ ትሸኛቸዋለች።

«ፊልሙ ተበላሽቷል እንዴ?» አለ ምስሉን እያየ። «ይቺ ከታች ያለችው ነጭ መስመር ምንድን ናት?»

«መንጋጋቸው ነው» አለች ሐኪሟ።

ጥርሶ ክው አለ። መንጋጋ ያውቃል፤ እንደ መንጋጋ የሚያውቀው ነገር የለም። ይህ ግን መንጋጋ አይደለም።

«መሃሉ ላይ የቀረው ሰባት ሚሊ ሜትር ነው» አለች ሐኪሟ ጣቷን ምስሉ ላይ አድርጋ። «በእርሳስ ውፍረት ማለት ነው። የጤነኛ ሰው ሠላሳ ያህል ይሆናል። ጠንከር ያለ ነገር ቢነክሱ፣ ወይም አዳልጧቸው ቢወድቁ ሊሰበር ይችላል። የነርቩ መተላለፊያ ራሱ ተገልጧል፤ ከንፈራቸውን የሚያደነዝዛቸው ለዚያ ነው።»

«ሊሆን አይችልም! በላላ ቁጥር ውስጡን እሞላላታለሁ እኮ! ላልቶባት ዝም ያልኩበት ቀን የለም።»

ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች። ወጣት ናት፣ ግን ምራቋን የዋጠች። ቀስ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ሲሞሉ የኖሩት ምኑን ነው?»

ዱብ ዕዳ ነው። ጥርሶ ዓይኑን ወደ ምስሉ መለሰ። የሚሸከመው ጥርስ ያጣ አጥንት እየሟሸሸ እንደሚሄድ፣ ተነቃዩ ጥርስ ከላይ ሲጫነው ደግሞ እንደሚብስበት አሳምሮ ያውቃል። ለደንበኞቹ ሁሉ «በየሁለት ዓመቱ ሐኪም ይይዎት» የሚለው እሱ ራሱ ነው። ለሚስቱ ግን አንድ ቀን ብሏት አያውቅም። የሱ ሚስት ሆና ምን ልታደርግ ሐኪም ቤት ትሄዳለች!

ሐኪሟ መፍትሔውን ነገረቻቸው። ከዳሌዋ አጥንት ይወሰዳል፤ መንጋጋዋ ላይ በትንንሽ ብሎን ይታሰራል፤ ስድስት ወር ተጠብቆ ከነባሩ ጋር ሲዋሃድ የብረት ሥር ይተከልበታል፤ ጥርሱ እዚያ ላይ ይቆማል። መፍጠን አለባቸው፤ መንጋጋው ቀድሞ ከተሰበረ ነገሩ ሌላ ነው።

«ስድስቱን ወር ግን ምንም ጥርስ አይደረግም» አለች። «የተተከለውን አጥንት ትንሽ ከተጫኑት ይበላሻል።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣ የነበረችው ሚስቱ ብድግ አለች።

«እንግዲያው ይቅርብኝ» አለች። «እንዲሁ እኖራለሁ።»

ሐኪሟ ብትል፣ ጥርሶ ቢል፣ ወይ ፍንክች! በሩን ከፍታ ወጣች።

ቤት ሲደርሱ እሷ ወደ ውስጥ፣ እሱ በጓሮ በኩል ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በርጩማ ላይ ቆሞ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደ። የደንበኞችን የጀሶ ቅርጽ ሁለት ዓመት አቆይቶ ይጥላል። የሷን ጥሎ አያውቅም፤ ፍቅር ነው መቼም።

በመካከላቸው አንድ ልማድ ነበር። ጥርሷ ሲላላ ውስጡን እንደ ሊጥ ያለ ነገር ቀብቶ ይሰጣታል። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትነክሰዋለች፤ ሲጠጥር አውጥታ በመሀረብ ጠቅልላ ታቀብለዋለች። እሱም ዞር ብሎ ይቀበላታል። ከዚያ ጀሶ ያፈስበታል፣ የደረቀው ጀሶ የድዷን ቅርጽ ይዞ ይወጣል፣ በዚያ ልክ ይሞላላታል። ባዶ አፌን እንዳታይ አለችው፣ እሺ አላት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቃሉን ጠበቀ። ጥርስ ሠሪው የሰፈሩን ሁሉ አፍ ሲያይ የሚስቱን አፍ የሚያውቀው በጀሶ ብቻ ነበር።

አሁን ጀሶዎቹን አንድ በአንድ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ደረደራቸው። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። በእያንዳንዱ ጀርባ ቀኑ በራሱ እጅ ተጽፏል። የመጀመሪያው ላይ የድዷ ጀርባ ከፍ ብሎ፣ ክብ ሆኖ ቆሟል። አምስተኛው ላይ ዝቅ ብሏል። አሥረኛው ላይ ሸርተት ብሏል። የመጨረሻው አልቆ ሊጣል የደረሰ ሳሙና ነው። ጥርሶ ከዳር እስከ ዳር አያቸው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የሚስቱም አጥንት በእግሩ ሲሄድ ኖሯል፣ ያውም በዓይኑ ሥር፣ እሱ ቀኑን እየጻፈለት። በርጩማው ላይ ዘጭ አለ።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?»

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጨረስኩሽ» አለ ጥርሶ። «በገዛ እጄ ጨረስኩሽ። ጀሶው እዚህ ቁጭ ብሎ ሲነግረኝ፣ እኔ የማየው ስንት ልጨምርበት የሚለውን ብቻ ነበር።»

«አትንጫጫ እስቲ።» መጥታ አንዱን ጀሶ አንስታ አገላበጠችው። «በጥርስህ ከበላሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ምን?»

«የሰማኸውን አልኩህ። አልችልም፤ ያመኛል። አንተ ስትመጣ አደርገዋለሁ፣ ስትወጣ አወጣዋለሁ።»

«አብረን አይደል እንዴ የምንበላው?»

«አብረን? እኔ ሁሌ ‹ቀድሜ በላሁ› አይደል የምልህ? አንዲት ሴት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀድማ ስትበላ አይገርምህም?»

ጥርሶ አልገረመውም ነበር። አሁን ገና ነው የገረመው።

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

«ልጆቹ ያውቃሉ። እህትህም ታውቃለች።»

«እህቴ ደግሞ!»

«የምበላውን ሾርባ የምታደቅልኝ ማን ሆነና?»

«ለኔ መንገር ምን ነበረበት? ከሰው ሁሉ ለኔ!»

ጀሶውን ወደ ቦታው መለሰችው። «ደንበኛ በመጣ ቁጥር ትጠራኛለህ። ‹እስቲ ሳቂላቸው› ትላለህ። እኔ ስስቅ ፊትህ እንዴት እንደሚበራ አታውቀውም። ያንን ፊት እያየሁ አሞኛል ልበልህ? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

«ሐኪሟ ጋ ለምን እምቢ አልሽ ታዲያ? ቢላዋ ፈርተሽ ነው?»

«ሁለት ልጅ የወለድኩ ሴት ቢላዋ እፈራለሁ? ስድስት ወር ስትል አልሰማህም? ስድስት ወር ባዶ አፌን አንተ ፊት? ልጆቹ ቢያዩኝ ምንም አይደል። አንተ ግን ጥርስ ሠሪ ነህ። የሰው አፍ ስታይ የምታየው የጎደለውን ነው።»

ይህ አባባል ከራጁም ከጀሶውም ባሰበት። ሐሰት ነው እንዳይል፣ እውነት ነው።

«አውጪው» አለ በመጨረሻ።

«እዚሁ?»

«እዚሁ። ወደኔ ዞረሽ።»

ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ እጇን ወደ አፏ ሰዳ አወጣችውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የታች ከንፈሯ ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ አገጯ ወደ አፍንጫዋ ወጣ፤ ፊቷ በአንድ ጊዜ አጠረ። ጥርሶ ደነገጠ፤ ድንጋጤውን ሊደብቅ ሞከረ፣ አልቻለም። ይባስ ብሎ የተረገመ ጭንቅላቱ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍ ቢደረግ እንደሚስተካከል ማስላት ጀመረ። በራሱ አፈረ።

«አፍሽን ክፈቺልኝ» አለ።

ከፈተች። ድዷ ላይ ከግራ እስከ ቀኝ ቀይ ቁስል ተሰምሯል። የዚያን ቁስል ቅርጽ በደንብ ያውቀዋል፤ እሱ ሞርዶ ያለሰለሰው የጥርሱ ጠርዝ ነው። እንባው መጣ፤ በኮቱ እጅጌ ጠረገው፣ እንደገና መጣ።

«አየህ?» አለች፤ ቃሉ ያለ ጥርስ ተለሳልሶ ወጣ። «ስድስት ወር ይሄንን ትችለዋለህ?»

ስልኩን አወጣ። ሐኪሟ ራሷ አነሳችው።

«ቀን ስጪን ዶክተር።»

«ተስማሙ እንዴ?»

ሚስቱን አያት። ዓይን ዓይኑን አየችውና ራሷን በእሺታ ነቀነቀችለት።

«ተስማምታለች።»

«የሚቀጥለው ሐሙስ ይምጡ። እስከዚያ ግን አደራ ጋሼ፣ ያ ጥርስ ከዛሬ ጀምሮ አፋቸው ውስጥ እንዳይገባ። ይንገሯቸውና ያውጡት።»

«ወጥቷል» አለ ጥርሶ።

«አሁን?»

«አሁን። እያየኋት ነው።»