የኋለኛው መስኮት

«እጅሽ ይታያል!» አሉ ጋሽ ከፈለኝ ዓይናቸውን ከካሜራው ሳያነሱ።

«እጄ ምን አረገዎት?»

ትርሐስ ከአሮጌው ፍርድ ቤት ማዕዘን ኋላ ተለጥፋ፣ ቀይና ነጭ የተቀባውን የሁለት ሜትር እንጨት በሁለት ጣቷ ይዛለች። የቤቱን ቁመት ለአዲስ አበባ ሰዎች የሚናገረው ያ እንጨት ነው። የያዘው ሰው ግን መታየት የለበትም።

«ሰው የገባበት ፎቶ ወዳቂ ነው ብለው ጽፈዋል። ቤት ብቻ!»

«ቤቱን የሠራው ሰው አይደል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ከፊልሙ ጋር እንዳልጠቀልለው!»

ትርሐስ ሳቋን ዋጠች። ቅዳሜዋን ለጭቃና ለጉም የሰጠችው እንጨት መያዝ አምሯት አይደለም። አባቷ ገብረኪዳን ከቦንጋ ባህል ቢሮ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ አራት ዓመቱ ነው፤ ለቅርስ ምዝገባ የሚነሱት እነዚህ ፎቶዎች የሚላኩት ደግሞ እሱ ወዳለበት መሥሪያ ቤት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ በሁለተኛው አንድ፣ ከዚያ ወዲያ ጭጭ። ቤት ውስጥ ስሙ ከተነሳ እናቷ ሬዲዮኑን ታስጮኸዋለች። እናም ትርሐስ አስባ አስባ አንድ መላ አገኘች፦ ካሜራው ቀጭ ሊል ሲል ብቅ ማለት። ፎቶው ወዳቂ ቢሆንስ? ከመውደቁ በፊት እሱ ያየዋል።

በባለ ሰገነቱ የነጋዴ ቤት አንድ እግሯን አውጥታ ነበር። የሰው አህያ ቀደመቻት።

«አህያዋ አዲስ አበባ ልትገባ እኔ ልቀር!» አለች በንዴት።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ዕድል ነው።»

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ከፈለኝ የካሜራውን ቁጥር አዩና «አንድ ፎቶ ቀረችን» ብለው ከኪሳቸው ዝርዝሩን አወጡ። በታይፕ የተጻፉት ሰባት ቤቶች አልቀዋል። ከግርጌ ግን በእስክሪብቶ የተጨመረ መስመር ነበር።

«ይኼን ደግሞ ማን ጨመረው? ‹የወይዘሮ ዙፋን ቤት። ከጓሮ በኩል፣ የኋለኛው መስኮት እንዲታይ።› የጭቃ ቤት! የትኛው ንጉሥ ተኝቶበት ነው?»

ትርሐስ በትከሻቸው ላይ አጮልቃ አየች። ወደ ቀኝ የተጋደመውን ያንን ጽሕፈት ታውቀዋለች። በጋዜጣ በተሸፈኑ ደብተሮቿ ላይ ስሟን ይጽፍ የነበረው የአባቷ እጅ ነው። ከዚያ መስኮት ሥር የተኛው ንጉሥም ሌላ ማንም አይደለም፣ እሷ ናት። ያንን ቤት ተከራይተው ሲኖሩ የአባቷን ሞተር ብስክሌት ድምፅ ስትሰማ በዚያ ዘላ ነበር አንገቱ ላይ የምትጠመጠመው።

እትዬ ዙፋን የካሜራውን ወሬ ቀድመው ሰምተው ነጠላ ቀይረው ጠበቋቸው።

«እኔን ሳታነሳ ቤቴን? ሰው የሌለበት ቤት ወና ነው የሚባለው!»

«የቢሮ ትእዛዝ ነው እትዬ።»

«ይቺስ? በዚያ መስኮት ስትዘል ስንቴ ጎመኔን ረግጣዋለች! አባቷ ‹እከፍላለሁ› እያለ ይስቅ ነበር።»

ጋሽ ከፈለኝ ወረቀቱን አዩ፣ ልጅቷን አዩ፣ ደግመው ወረቀቱን አዩ።

«የገብረኪዳን ጽሕፈት ነው?»

ትርሐስ በእግሯ ጭቃውን ጫረች።

«ግቢና መስኮቱ ላይ ቁሚ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በአንድ ወዳቂ ፎቶ አልሞትም።»

ሮጣ ገባች። ክፍሏ የበቆሎ ማስቀመጫ ሆኗል። ዝናብ ያሳበጠውን የመስኮት ሳንቃ በቡጢ መታ መታ አድርጋ በረገደችው። ድሮ አገጯ ጋ ይደርስ የነበረው የመስኮቱ ደፍ ዛሬ ወገቧ ላይ ነው። ክርኗን አስደግፋ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ መልሳ ቆመች። ከእርጥቡ የእንሰት ቅጠል ማዶ ካሜራው ትክ ብሎ ያያታል። ጠዋት የተመኘችው ይኸው ነበር።

አባቷ መስኮቱ እንዲታይ አለ እንጂ ልጄ እንድትታይ አላለም። ናፍቆት ይሁን፤ ግን እስክሪብቶው መስኮት ለመጻፍ ቀለም ካልጎደለው፣ ስሟን ለመጻፍ ምን ጎደለው?

«ተዘጋጀሽ?»

ትርሐስ ከመስኮቱ ፈቀቅ አለችና ከውስጥ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

«የት ገባሽ? አንድ ናት እኮ የቀረችን!»

«እዚሁ ነኝ ጋሽ ከፈለኝ። ያንሱ!»

«ማንም አይታይም!»

«ቤት ብቻ አላሉም? መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። ውስጥ ማን እንዳለ ማየት የፈለገ፣ መንገዱን ያውቀዋል።»

ጋሽ ከፈለኝ ዓይናቸውን ወደ ካሜራው መለሱ። ከዚያ ቀጭ።

«በይ ዝጊው፣ ዝናብ ይገባል!» አሉ እትዬ ዙፋን ከጓሮ።

ትርሐስ ወደ ሳንቃው የዘረጋችውን እጇን መለሰች።

«ትንሽ ይቆይ፣ እትዬ» አለች።