አንድ እጅ ቀለም
ቀለም ቀቢው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ግድግዳ ሲያሳምር ኖሮ፣ አሁን በሐኪም ትእዛዝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሊያይ ሄደ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ለስድስት ሳምንት፣ የሥዕል አዳራሽ። «መድኃኒት ፈልጌ ብሄድ ሥዕል አዘዘልኝ፤ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ግን አልነገረኝም» ብሎ ለሚስቱ ቀለደ። እሷ አልሳቀችም። ሁለት ወር ሙሉ በቀልዱ ተሰላችታለች። እንቅልፍ እንዳጣ፣ ብሩሽ ሲይዝ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ታውቃለች። ከሁሉ ያንገበገባት ግን፣ አብረው ሲሠሩ ከመሰላል ወድቆ እግሩ የተሰበረውን ታናሽ ወንድሙን አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አለመጠየቁ ነው።

«ወንድምህ በር በሩን እያየ ነው፤ ምን ሆነህ ነው አንተ ሰውዬ?» አለችው።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አላት። እሺ ማለትማ ማን ብሎት።

አዳራሹ ውስጥ እንደ እሱ በሐኪም የተላኩ ስድስት ሰዎች ነበሩ። አስጎብኚዋ ወጣት ናት፤ የተኛ ሕፃን ያለ ይመስል ቀስ ብላ ነው የምታወራው። አንድ ትልቅ ሥዕል ፊት አቆመቻቸውና የተሰማቸውን እንዲናገሩ ጠየቀች። ጡረተኛዋ መምህርት «ብቸኝነት» አለች። ታክሲ ነጂው «ዝናብ ሊመጣ ሲል» አለ። ተራው ቀለም ቀቢው ጋ ሲደርስ፣ «ከሥዕሉ በላይ ግድግዳው የተለሰነበት ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አልተፋቀም» አለ።

ሰዎቹ ሳቁ፤ እሱም ደስ አለው። በሁለተኛው ማክሰኞ ጣሪያውን፣ በሦስተኛው የበሩን ዙሪያ አብጠለጠለ። የነፍስ ሕክምና ገብቶ የጥገና ዝርዝር ይዞ የሚወጣ በሽተኛ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም ሲል በራሱ ሳቀ። እጁ ቢከዳውም ምላሱ ደህና ነበር።

በአራተኛው ማክሰኞ ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ የሆነ ሥዕል ገጠማቸው። ቀለም ቀቢው እንደ ልማዱ ጉንጩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ በጎን አየው፤ የቀለም እንከን የሚታየው እንደዚያ ነው።

«ምን ታየዎት፣ ጋሼ?» አለች አስጎብኚዋ።

«ከሥሩ ሰው አለ። በዚህ በኩል ኑ፤ ትከሻው ይኸውና። ሠዓሊው ሰው ሥሎ ነበር። ከዚያ አፍሮ ይሁን ተጸጽቶ እንጃ፣ አንድ እጅ ቀለም ደፋበት። አንድ እጅ ደግሞ አይሸፍንም። ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ አንድ እጅ እኮ…»

ቀልድ ፈለገ፤ ያ ሁሉ ቀልድ የት እንደገባ እንጃለት።

«መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለ። «ወንድሜ ከላይ ነበር። ስልኬ ጮኸና ለቀቅኩት። የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ለሰው ሁሉ መሰላሉ ተንሸራተተ ነው ያልኩት።»

ከዚያ አለቀሰ። መምህርቷ መሐረብ ሰጠችው፤ አፍንጫውን ሲናፈጥ ድምፁ የጎረቤቱን ክፍል ጥበቃ አስሮጠ። «ይቅርታ፣ ማልቀስ እንኳ በሥርዓት አልችልበትም» አለ።

ከአዳራሹ በቀጥታ ወንድሙ ቤት ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ ሲያጠናው የነበረው ንግግር በሩ ላይ ብን አለበት። ወንድሙ የተሰበረ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሶፋው ላይ ተኝቷል።

«መሰላሉን ለቅቄው ነበር» አለው፣ ሰላምታም ሳያስቀድም።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ስልክህ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ‹ሃሎ› ስትልም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንተ መጥተህ እስክትነግረኝ ነዋ። መሰላሉን የለቀቅከው ሳታስበው ነው፤ እሱን የዚያኑ ቀን ትቼልሃለሁ። ሦስት ወር የቀረኸው ግን አውቀህ ነው።»

ቀለም ቀቢው ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እስኪመሽም አልተነሳም።