አስራ አራት ቁጥር

የሰውየው ስም ጋሽ ነገ አልነበረም። የራጅ ክፍሉ ሠራተኞች ናቸው ያወጡለት፤ የሚጠሩትም እሱ በሌለበት ብቻ ነው። ይፈርሙልኝ ሲሉት ነገ፣ ማሽኑ ይጠገን ሲሉት ነገ፣ እናቴ ታማለችና ልሂድ ሲሉት ነገ። ለራሱ ጉዳይ ሲሆን ግን ነገ የሚባል ቀን አያውቅም፤ ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ፣ ምን ትጠብቃላችሁ ነው።

ይህችን ቃል ከሁሉም በላይ የጠገበቻት ትንፋሽ ናት። ትንፋሽ ያሏት ቀኑን ሙሉ «ትንፋሽ ይያዙ፣ አሁን ይልቀቁት» ስትል ስለምትውል ነው። ዘጠኝ ዓመት ራጅ አንስታለች። የተሰበረ ክንድ፣ ውኃ የቋጠረ ሳንባ፣ አዝራር የዋጠ ሕፃን፣ ያላየችው ጉድ የለም። የሙያ ፈቃድ ግን የላትም። ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል፣ በወረቀት ላይ አሁንም «ተለማማጅ» ናት።

ሰንፋ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የተማረችበት ኮሌጅ ተዘጋና ውጤቷን የሚልክላት ሰው ጠፋ፤ መዝገቡ የትኛው መጋዘን ውስጥ እንደተወረወረ እስኪታወቅ ሁለት ዓመት ሄደ። ወረቀቱ ሲገኝ ደግሞ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ደንቡን ቀየረ። አመልካች አራት መቶ ምርመራ ሠርቶ፣ እያንዳንዱን በልምምድ ደብተር መዝግቦ፣ የቅርብ አለቃው በየመስመሩ ሊፈርምለት ይገባል ተባለ። አራት መቶ ለእሷ ምኗም አይደል፤ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ደብተሩን ሞልታ ለጋሽ ነገ ወሰደችለት። ነገ አላት። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኖ ከረመ።

ለምን እንደማይፈርም የማያውቅ የለም። ፈቃድ ያለው ራጅ አንሺ የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በትንሽ የእርሳስ ብረት ላይ ተቀርፆ፣ ቀኝ ወይም ግራ ከሚለው ፊደል ጋር በምስሉ ጠርዝ ይቀመጣል፤ ጨረር ብረቱን ስለማያልፈው ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ማን እንዳነሳው፣ የትኛው ጎን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ተለማማጅ ግን ቁጥር የለውም፤ በአለቃው ቁጥር ነው የሚሠራው። የጋሽ ነገ ቁጥር አስራ አራት ነው። እሱ ቢሮው ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ሲያገላብጥ አስራ አራት ቁጥር በቀን አርባ ሰው ያነሳል። ትንፋሽ ፈቃድ ያገኘች ቀን አስራ አራት ቁጥር ባዶ እጁን ሊቀር ነው። ታዲያ ምን ቆርጦት ይፈርማል።

ይሄንንም ችላው ነበር። አንጀቷን ያሳረራት የመማሪያው መጽሐፍ ነው። ቦርዱ ባለፈው ዓመት ለሙያው ተማሪዎች የምስል መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ከየሆስፒታሉ ምርጥ ራጆችን ሰበሰበ። ከእነሱ ክፍል አስራ ሁለት ተመረጡ፤ አስራ ሁለቱንም ያነሳችው እሷ ናት። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የጋሽ ነገ ስም ቁጭ ብሏል። ሰውየው ተሸለመ፣ ንግግር አደረገ፣ «ይህ የብዙ ዓመት ድካሜ ፍሬ ነው» አለ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ክፍሉ ሲያጨበጭብ እሷም አጨበጨበች።

«ምን አደረግሽ?» አለቻት ታላቅ እህቷ ቤት ስትገባ። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይብሳል።

«አጨበጨብኩ።»

«ይበልሽ» አለች እህቷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። «በይ ነገ ደግሞ ጫማውን ጥረጊለት።»

ትንፋሽ የዚያን ቀን ቂሟን ቋጠረች። እንደ ሌላው ሰው ይረሳኛል ብላ አልቋጠረችውም፤ በደንብ አጥብቃ ነው።

ዘንድሮ ቦርዱ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ደብዳቤ ላከ። ፈቃድ የሌለው ሰው ከወሩ መጨረሻ በኋላ የራጅ ማሽን እንዳይነካ፤ ፈቃድ ያለውም ቢሆን በተቆጣጣሪ ፊት አንድ ታማሚ አንስቶ እንዲያሳይ፣ ያልቻለ ፈቃዱ እንዲታገድ። የመጀመሪያው ትንፋሽን ከእንጀራዋ የሚያፈናቅል ነው። ሁለተኛውን ሲያነብ ጋሽ ነገ እጅ እግሩ ተሳሰረ።

ቢሮው ጠርቷት በሩን ዘጋ። ወንበር ሳበላት፤ ዘጠኝ ዓመት ቆማ ነው ያናገረችው።

«ስሚ እታለም» አላት። እታለም! «ተቆጣጣሪዋ ማክሰኞ ትመጣለች። እኔና ይሄ አዲሱ ማሽን እንደምታውቂው ብዙም አንተዋወቅም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታማሚውን እኔ አቆማለሁ፣ አንቺ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነሽ ኮምፒዩተሩን ትይዣለሽ። ደንቡ ረዳት ይፈቅዳል። ታማሚውንም አንቺው ምረጪልኝ፤ ቀላል ደረት ይሁን፣ ጤነኛ ሰው።» ይሄን ብሎ ደብተሯን ከወረቀት ክምር ሥር ጎትቶ አወጣና ፊቷ መፈረም ጀመረ። አራት መቶውንም። መሐል ላይ እጁ ዝሎ ሲያርፍ፣ ሲያሻሸው፣ እንደገና ሲፈርም ቁጭ ብላ አየች። ሲጨርስ ደብተሩን መሳቢያው ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። «ከፈተናው በኋላ ትወስጂዋለሽ» አላት።

ደብተሩን ለማስፈረም ሰባት ዓመት ደጅ ጠንታለች፤ የፈረመው በግማሽ ሰዓት ነው። ቢፈልግ ኖሮ ለካ ግማሽ ሰዓት ነው የሚፈጅበት። ከቢሮው ስትወጣ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የተሰማት ግን ብግን ማለት ብቻ ነው።

እህቷ ነገሩን ሰምታ መቀሷን አስቀመጠች። «በይ አሁን ጅል እንዳትሆኚ። ዝም ብለሽ እርጂው፣ ደብተርሽን ተቀበይ፣ ቁጥርሽን አውጪ። ከዚያ ትደርሺበታለሽ።»

«ከዚያማ አልፎ ይገኛል። አስራ ሁለቱም የእሱ እንደሆኑ ይቀራሉ።»

«ይቅሩ! ምስል ምን ያደርግልሻል?»

«የእኔ ናቸዋ» አለች ትንፋሽ።

ማክሰኞ ከሚነሱት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አንድ አናጺ ነበር። አዲስ የቀጠረው ድርጅት የደረት ራጅ አምጣ ብሎታል። ከሦስት ዓመት በፊትም እሷው ናት ያነሳችው። ያኔ ምስሉ ሲወጣ ልቡ በቀኝ በኩል ታየ። እንዲህ ያለ ራጅ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ደረት ሲያነሳ የዋለ ሰው ሁሉ የሚመስለው አንድ ነገር ነው፤ ብረቱን በተሳሳተ ጎን አስቀምጬዋለሁ ብሎ ይደነግጥና ምስሉን ገልብጦ «አስተካከልኩት» ይላል። ትንፋሽ አልገለበጠችም። ወጥታ መዳፏን ደረቱ ላይ አሳረፈችና «ልብዎ ወዴት ነው ወንድሜ?» አለችው። «እኔማ ስወለድም በቀኝ ነኝ» ብሎ ሳቀ። ቀሪው አካሉ ደህና ነው፣ ሥራውን ይሠራል፣ ልቡ ብቻ ቦታ ቀይራለች። ያ ምስል በመማሪያው መጽሐፍ ሰባተኛ ገጽ ላይ አለ፤ ከሥሩ የማን ስም እንዳለ ልንገራችሁ አያሻም።

ቀላል ደረት ይሁን፣ ጤነኛ ሰው፣ አልነበር ያለው። የአናጺው ተራ ስድስተኛ ነበር። አንደኛ አደረገችው።

ተቆጣጣሪዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ከአፏ ቃል የማይወጣ ሴት ነበረች። ጋሽ ነገ የተተኮሰ ነጭ ጋውን ለብሶ ሽር ብትን አለ። አናጺውን ፊቱን ምስሉን ወደሚቀበለው ሰሌዳ አድርጎ አቆመው። ትከሻውን ወደ ፊት ማስጠጋት እንዳለበት ረስቶ «እንዲያው ዝም ብለህ ቁም» አለው። ብረቱን ግን በትክክል ቀኝ በኩል ለጠፈ። ከመስታወቱ ጀርባ መጥቶ ቁልፉን ተጫነ፤ ምስሉ ወጣ።

የአናጺው ልብ በቀኝ ሲታይ የጋሽ ነገ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ትንፋሽ ጆሮ ጎንበስ ብሎ «ብረቱን አሳስቼዋለሁ» አላት። «ገልብጪው።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«ገልብጪው አልኩሽ። የብረቱን ፊደል ቁረጪና በኮምፒዩተር አዲስ ጻፊበት። ቶሎ በይ።»

አንድ ቃል ከአፏ ብትወጣ ሰውየው ይድናል፤ ደብተሯም ቁልፉ ተከፍቶ እጇ ይገባል። አልወጣችም። ዋናውን ምስል ለብቻው አስቀመጠች፣ ሁለተኛውን እንደታዘዘችው ገለበጠች፣ ልብን ወደ ግራ ወሰደቻት። ዘጠኝ ዓመት ዝም ብላለች፤ እንደዚህኛው የጣማት ዝምታ ግን የለም።

ተቆጣጣሪዋ ምስሉን አየች። «የብረት ምልክቱ የታለ?»

«ትንሽ ደብዝዞ ነበር፣ አስተካከልነው» አለ ጋሽ ነገ።

ሴትዮዋ ሸሚዙን ወደሚለብሰው አናጺ ሄደች። «ከዚህ በፊት ራጅ ተነስተው ያውቃሉ?»

«እዚሁ ነዋ። አንዲት ሴት ናት ያነሳችኝ፤ አፏን ሸፍና ስለነበር ፊቷን አላውቀውም። ልቤ በቀኝ መሆኑን ያወቀችውም እሷ ናት።»

ተቆጣጣሪዋ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰባተኛውን ገጽ ገለጠች። «ያነሱት እርስዎ ነዎት ይላል።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ። «ሴትዮዋ ረዳት ናት፤ ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ።»

«በመጽሐፍ ያሳተሙትን ሰው አላወቁትም? አንድ ሐኪም በዚህ ምስል አምኖ ቢላ ቢያነሳ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?»

ላቡ በግንባሩ ወረደ። ትንፋሽ እያንዳንዷን ጠብታ ተከታተለች፤ በዚህ አፍራለሁ ብትል ትዋሻለች። ሰውየው ግን መውደቁን ሲያይ ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። «የገለበጠችው እሷ ናት! ተለማማጅ ናት፤ አታውቅም!»

ተቆጣጣሪዋ ወደ ትንፋሽ ዞረች። «አንቺ፣ የሰውየው ልብ በቀኝ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

እነሆ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አላውቅም ካለች የታዘዘችውን የሠራች ምስኪን ተለማማጅ ናት። ጋሽ ነገ ይታገዳል፤ ፊርማው ግን ከእገዳው በፊት ስለተፈረመ ይጸናል፣ በወሩ መጨረሻ ባለ ቁጥር ትሆናለች። ነገር ግን ይህን ሰው የማታውቅ ሴት እንዴት ብላ ነው ያነሳችው? ሰባተኛው ገጽ የሌባው ሆኖ ይቀራል፤ ሌሎቹ አስራ አንዱም ተከትለውት ይሄዳሉ።

«አውቅ ነበር» አለች። «ያኔ ያነሳሁትም እኔ ነኝ። አስራ ሁለቱንም። የሠራተኛ መቆጣጠሪያ መዝገቡን ያውጡ፤ አራቱ በተነሱባቸው ቀናት እሱ እረፍት ላይ ነበር።»

«እያወቅሽ ገለበጥሽው?»

«ገለበጥኩት።»

«ለምን?»

«እንዲወድቅ።»

ተቆጣጣሪዋ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ የሰው ደረት ነው። የእናንተ የጠብ ሜዳ አይደለም።»

ትንፋሽ ዋናውን ምስል ከፍታ አሳየቻት፤ አልጠፋም፣ ለአናጺው የሚሰጠውም እሱ ነው። ቢሆንም አናጺው የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ ዓይን ዓይኗን አያት። ያኔ ደረቱን ስትነካው የሳቀላት ሰው አሁን አልሳቀም። ከቀኑ ሁሉ የከበዳት ይሄ ነው፤ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ወንድሜ» አለችው። ጭንቅላቱን ነቀነቀና ወጣ።

መዝገቡ መጣ፣ ቀኖቹ ታዩ፣ ጋሽ ነገ ጋውኑን አውልቆ ኮሪደሩ ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ተቆጣጣሪዋ ለረዥም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ አነበበችላት። የአስራ አራት ቁጥር ፈቃድ ታግዷል፤ በእሱ የተፈረመው ደብተር ለምርመራ ተይዟል። «በመማሪያ መጽሐፉ የወጡትን አስራ ሁለት ምስሎች ያነሳችው ተለማማጅ፣ እያወቀች የታማሚን ምስል ስለገለበጠች ለሁለት ዓመት ለፈቃድ እንዳታመለክት፣ ከዛሬ ጀምሮም ማሽን እንዳትነካ ተወስኗል።»

«መጀመሪያውን ይድገሙልኝ» አለች ትንፋሽ።

«የቱን?»

«ያነሳችው የሚለውን።»

ሴትዮዋ ደገመችላት። ትንፋሽ በእያንዳንዷ ቃል ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማች። ሁለት ዓመቱ አልቆጫትም ቢባል ውሸት ነው፤ እህቷ ምን እንደምትላትም ታውቃለች። ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች።

«ቅጂ እፈልጋለሁ» አለች።

«ይግባኝ ልትጠይቂ ነው?»

«የለም። ዘጠኝ ዓመት እዚህ ለመሥራቴ ሌላ ማስረጃ የለኝም።»

ተቆጣጣሪዋ ትንሽ አየቻትና ሁለተኛውን ወረቀት ማህተም አድርጋ ሰጠቻት።