ላቀው ያያት የጠያቂዎች አገር

«ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ዋጧቸው?»

«ታዲያ ከምግብ በኋላ አይደል ያልከኝ?» አሉ ጋሽ እንግዳወርቅ፣ የመድኃኒት ቤቱን ባንኮኒ በሁለት እጃቸው ተደግፈው። «ሑዳዴ ነው። የምበላው አንዴ ነው፤ እሱም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። በቀን ሦስት አልክ፤ ሦስቱንም ዋጥኩ። ምኑን አጠፋሁ?»

ባለመድኃኒት ቤቱ ላቀው ሰኞ ዕለት የጉልበት ማስታገሻውን ሲሰጣቸው ፖስታው ላይ አሳምሮ ጽፎላቸው ነበር፤ የእጅ ጽሑፉንማ ሰፈሩ ሁሉ ያደንቅለታል። ይጾሙ እንደሆነ ግን አልጠየቃቸውም። ሽማግሌው ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን በሹክሹክታ ነግረውት ሳይጨርሱ ባንኮኒው ሥር ተዝለፈለፉ። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷቸው።

ሲመሽ የመጣለት ወሬ አጭር ነበር፦ ጨጓራቸው ደምቷል፤ እስከ ነገ ከቆዩ ይተርፋሉ። እኛ ጎረቤቶቹ ተሰብስበን «አንተ ምን አጠፋህ፣ ጽፈህላቸዋል» አልነው፤ እሱም ሊያምነን ምንም አልቀረው። እንዲህ በሐሳብ ሲንገላታ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙም ራሱን በሰፊ አደባባይ ላይ አገኘው። በመካከሉ ጣሪያው ደመና የሚነካ፣ ግድግዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ በመዝገብ የተሞላ፣ በሩ እንደ መቅደስ በር የከበደ ታላቅ አዳራሽ ቆሟል። በውስጡ ሊቃውንት ክብ ሠርተው፣ ገና ማንም ያልቀመሰውን አንድ ክኒን በብር ሳህን አስቀምጠው፣ እንደ ነፍሰ ገዳይ ይመረምሩታል። አንዲት ሴት መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አላት።

«ጥፋቱን ሳያጠፋ ያውቁበታል። የሚውጠው ማነው? ሆዱ ባዶ የሚሆነው ስንት ሰዓት ነው? ጎረቤት የተረፈውን ክኒን አካፍሎታል? ኮሶ ጠጥቷል? ኩላሊቱስ? ይህ ሁሉ ሳይመለስ ከዚህ በር አይወጣም።»

«ይህን ሁሉ ከማን ተማሩ?»

«ከተጎዱት» ብላ ወደ ላይ አመለከተችው። ከፍ ባሉት ወንበሮች ላይ ቆዳው እንደ ተቀቀለ ድንች የተላጠ ጎልማሳ፣ ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ እናት፣ ሌሎችም ብዙዎች ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዳቸው እግር ሥር ደግሞ መድኃኒቱን የሰጠው ሰው ተንበርክኮ፣ ያደረሰውን ጉዳት በየማለዳው ጮክ ብሎ ያነባል።

«ሰውን እንዲህ ማዋረድ ጭካኔ አይሆንም?» አለ ላቀው።

«ይሆናል። ከዚህ የለዘበ ሞክረን ነበር፤ ጥፋቱን የጻፈ አንድም ሰው አልተገኘም።»

«እኛ አገር እኮ በሽተኛው ራሱ አይናገርም።»

«እኔ ነግሬህ ነበር።»

ያን ጊዜ ፊቷን አስተውሎ አያት። የሰፈሩ አስካለ ነበረች። መርፌ ሲወጋት ከርሞ ጆሮዬ ይጮኻል ብትለው፣ «ብርድ መቶሽ ነው፤ ነጠላ ተከናነቢ» ብሎ የሸኛት።

«አሁን ግን ትሰሚያለሽ» አላት፣ ደስ ሊለው ዳድቶት።

«ሕልም ስለሆነ ነው፣ ላቀው። ነገ ስትነሳ ያው ደንቆሮ ነኝ።»

ከአጠገቧ አዲስ ጋቢ የተደረበበት ባዶ ወንበር አለ።

«ይሄስ የማነው?»

«የእንግዳወርቅ።»

«ሞቱ እንዴ?»

«እኔ ጠንቋይ ነኝ? እዚህ የሚታወቀው ተጠይቆ ነው። ሂድና ጠይቅ።»

ጎህ ሲቀድ ባንኖ ተነሳ፤ ጫማውን በትክክል ሳያስር ሆስፒታል ደረሰ። ጋሽ እንግዳወርቅ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ የደም ከረጢት ከራስጌያቸው ተንጠልጥሎ፣ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያ ያያሉ። ላቀው በስምንት አልጋ በሽተኛ ፊት ቆሞ ያየውን ከአዳራሹ እስከ ወንበሩ አንድ ሳያስቀር ተረከ። ከዛሬ ጀምሮ መቼ እንደሚበላና ሌላ ምን እንደሚወስድ ሳይጠይቅ ለማንም አንዲት ክኒን እንደማይሰጥ፣ የጎዳውን ሁሉ እንደሚጽፍ፣ ቢስቁበትም ለከተማው ባለመድኃኒት ቤት ሁሉ ይህን ራእይ እየዞረ እንደሚናገር ማለ። በመጨረሻ እንባው መጣ።

ሽማግሌው እስኪጨርስ ታገሡት። ከዚያ አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ እሱ አዞሩ።

«ሰኞ ዕለት፣ መድኃኒቱን ስትሰጠኝ፣ ትንሽ ሸለብ ቢያደርግህ ምን ነበረበት?»