ጣሪያ ልትነካ የደረሰችው መስመር

«ይህችን መስመር ያሰመሩት እርስዎ ነዎት ወይስ አይደሉም?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን ሜትር እንደ አለንጋ ጨብጣ።

«እህቴ፣ ያሰመራት ገበያው ነው። እኔ እርሳሱን ብቻ ነው የያዝኩት።»

«እንግዲያው ገበያውን ይጥሩልኝና ልደባደበው!»

የሙያ አማካሪው መልስ ያገኝ ይመስል ግድግዳው ላይ ወደለጠፈው ግራፍ ዞረ። ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ሲመክር ኖሯል፤ እንደዚህች ቀይ መስመር የወደዳት ነገር ግን የለም። ሥሯ «የሊፍት ጥገና» የሚል ተጽፎባታል። የሌሎቹ ሙያዎች መስመሮች መሬት ለመሬት ሲድሁ፣ እሷ ጣሪያ ልትነካ ምንም አልቀራትም። ጋዜጣ ላይ የሚወጡትን የሥራ ማስታወቂያዎች ወር በወር ይቆጥራል፤ አንድ ማስታወቂያ፣ አንድ ክፍት የሥራ ቦታ። አለቆቹ ለዚህች መስመር አጨብጭበውለታል። ተማሪዎቹ «ጋሼ መስመር» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እሱም ሙገሳ መስሎት ደረቱን ይነፋል።

የጠቡ መነሻ የሆነችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ የመሣሪያ ቦርሳዋ እግሯ ሥር ነው። አማካሪው «ሊፍት ተማሪ» አላት፣ ተማረች። ስትመረቅ ደግሞ «ተፈላጊ ነሽ፣ አትቸኩዪ፣ አማርጠሽ ግቢ» አላት። ይኸው አራት ወር ሙሉ ቤት ቁጭ ብላ ስታማርጥ ከረመች።

«ዛሬ ሥራ ካላገኘች ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ቁልፍ ትተክላለች፤ አለቀ!» አለች እናትየው።

«እማ፣ ቁልፍ አልተክልም አልኩሽ እኮ።»

«ሊፍቱም ላይ ቁልፍ አለ አይደል? ቁልፍ ያው ቁልፍ ነው!»

«የእኔ ቁልፍ ሰው ያወጣል። ያንቺ ቦርጭ ነው የሚይዘው።»

አማካሪው ሳያስበው ኮቱን ከፈት አደረገ።

«ልጅዎ ትንሽ ብትታገስ፣» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ባለፈው ወር ብቻ ሃምሳ ሦስት ክፍት ቦታ...»

እናትየው አላስጨረሰችውም። የያዘችውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የተቆራረጠ አሮጌ ጋዜጣ ተዘረገፈ።

«እኔ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ልኩን የማወጣው በጋዜጣ ነው። ይሄ እጅጌ ነው። እዚህ ጋ ያለውን የሊፍት ማስታወቂያ ስልክ ያንብቡ።»

አነበበ።

«አሁን ኮሌታውን።»

አነበበ፤ ድምፁ ቀነሰ።

«ኪሱንስ?»

«ኪሱ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ተቆርጠዋል።»

«የመጀመሪያዎቹስ?»

«ያው ናቸው፣» አለ አማካሪው። ሊቀመጥ ፈለገና ወንበሩ የት እንዳለ ጠፋው። ማስታወቂያውን እንጂ ስልኩን መቁጠር መቼም ትዝ ብሎት አያውቅም።

ቆሞ ደወለ። የማስታወቂያ አውጪው ድርጅት ጸሐፊ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

«አዎ፣ ቦታው አልተያዘም። አንድ ሊፍት ነው ያለን፣ እሱም ከተበላሸ ዘጠኝ ወሩ። ሰው ባጣን ቁጥር ማስታወቂያ እናበዛለን፤ አሁንማ በየቀኑ በሁለት ጋዜጣ ነው የምናወጣው።»

«አመልካች እንዴት ይጠፋል?»

«ማመልከቻ የምንቀበለው ዘጠነኛ ፎቅ ነዋ! ዘበኛው ደግሞ ‹ሊፍቱ አይሠራም፣ ሲሠራ ተመለሱ› እያለ ይመልሳቸዋል። አንዱ ብቻ በደረጃ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጥቶ ነበር። ትንሽ አረፈና ወረደ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከመንገድ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ።

«ሃምሳ ሦስት!» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ሃምሳ ሦስቱም አንድ ሊፍት! አንተ ሰውዬ ጤና የለህም!» ከእርስዎ ወደ አንተ መውረዷን እሷም እሱም አላስተዋሉም።

«ቢሆንም ቦታው እስካልተያዘ ድረስ መስመሯ አልዋሸችም፣» አለ አማካሪው፣ ግድግዳውን በጀርባው ከልሎ። «ሰኞ ሪፖርት አቀርባለሁ። ያ ሊፍት ከተጠገነ እኮ መስመሬ ተፈጠፈጠች ማለት ነው!»

«ትፈጥፈጥ! ላጲስ አምጣ!»

«አትነኪያትም!»

«ሱሪ እንደማሳጠር ነው፣ አያምህም። ዞር በል፣ ልለካት።»

ልጅቷ ተነስታ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። እጅጌውን አገላብጣ አድራሻውን አነበበች፣ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አማካሪው ጥቂት ተግደረደረ፤ ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ላጲስ አወጣ። «ግን ከላይ ነው የምንጀምረው፣ ቀስ ብለን፣» አለ፣ የታመመ ሰው እንደሚያስታምም ሁሉ።

«ስንት ትቅር?»

«አንድ ነጥብ። አንድ ግን አትንፈጊኝ።»

እናትየው ወንበር ላይ ወጥታ ሜትሩን መስመሯ ላይ ዘረጋች። ልጅቷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በሩን ከፍታ ወጣች። ነፋስ ገባና የጋዜጣው ኮሌታ ከጠረጴዛው ሊበር ሲል አማካሪው በመዳፉ ተጫነው።

«አንቺ፣ ጫፉን ያዢልኝ፣» አለች እናትየው ሳትዞር።

አማካሪው በሌላኛው እጁ ያዘላት።