የንስሯ ሰላምታ

"ቆይ! ሥጋውን ይዘህ አትግባ" አለች የእንስሳት ሐኪሟ፣ በሩን በመዳፏ ገፍታ ይዛ።

የንስሯ ጠባቂ ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ቆመ። "ሰው እየገባ ነው እኮ። ባለቤቴም አባቷን ይዛ እየመጣች ነው። የንስሯን ሰላምታ ሳያዩ ሊመለሱ ነው?"

አዲሱ የንስር ቤት ለጎብኚ የሚከፈተው ዛሬ ነበር። የድሮው በአራቱም በኩል ሽቦ ስለነበር ሰው ዙሪያውን ይከባታል፤ በደነገጠች ቁጥር ከሽቦው እየተጋጨች የክንፏ ጫፍ ተሸራርፏል። አዲሱ ሰፊና ረጅም ነው። ጀርባውና ጎኖቹ በሳንቃ ተሸፍነዋል፣ ከፍ ብለው የተሰቀሉ ማረፊያ እንጨቶችና መታጠቢያ ገንዳም አሉት።

ጠባቂው በዚህ የአራዊት ማቆያ ግቢ ስም ያተረፈው በንስሯ ነው። ሥጋዋን አስቀምጦላት አጠገቧ ሲቆም ሁለቱን ክንፎቿን ዘርግታ፣ አንገቷን ደፍታ ትጮሃለች። እሱም ወደ ጎብኚዎቹ ዞሮ "ሰላም እያለችኝ ነው" ይላል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። የሥራ ባልደረቦቹ "የንስሯ ባል" ይሉታል። ሚስቱም ማታ በር ስትከፍትለት "ጣውንቴ እንዴት ዋለች?" ትለዋለች።

"በካሜራ ስከታተላት ሰነበትኩ" አለች ሐኪሟ። "አንተ እረፍት በወጣህ ቀን ሥጋውን አስቀምጠንላት ዞር ስንል ክንፏን ሰብስባ ነው የበላችው።"

"እናንተን አታውቃችሁማ!"

"አይደለም። ክንፏን የምትዘረጋው ሥጋዋን ልትሸፍን ነው። ንስር ቀማኛ ሲመጣበት እንዲህ ያደርጋል።"

"እኔ ነኝ ቀማኛው?"

"ለእሷ አዎ። ቅር አይበልህ። በጠባቡ ቤት ሰው ተለይቷት ስለማያውቅ እኔም አላስተዋልኩም።"

ቅር አይበልህ ማለት ቀላል ነው። ጠባቂው ከፋው። ሐኪሟን በዓይኑ ገላምጦ፣ ባልዲውን ይዞ ድምፅ ማጉያው ወዳለበት ሄደ። ስለ አዳኝ አእዋፍ ለሕዝቡ እንዲያስረዳ ታዟል።

ሰዉ ሲሰበሰብ ንስሯ ከኋላ ካለው ከፍተኛ እንጨት ላይ ነበረች፤ አብዛኛው አላያትም።

"ባዶ ቤት ነው እንዴ የምታስጎበኙን?" አለ አንዱ።

"እኛ በኪራይ እንንከራተታለን፣ ወፊቱ ቪላ ገብታለች!" አለች ሌላዋ። ሳቅ ሆነ።

ሚስቱ አባቷን ደግፋ ከፊት ቆማለች። ሽማግሌው ልጃቸውን ሲድሩለት "ወፍ ማብላትም ሥራ ሆነ?" ያሉ ሰው ናቸው። ጠባቂው ይህን አልረሳም። ዛሬ እንዲመጡ የለመናቸውም ለዚሁ ነው።

"አባዬ፣ ጣውንቴን ላስተዋውቅህ" አለች ሚስቱ።

ጠባቂው ባልዲውን አንስቶ ገባ። ሐኪሟ አየችው፤ በዚህ ጊዜ ግን በሩን አልያዘችበትም። ሥጋውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ንስሯ ወርዳ በጥፍሯ ያዘችው። መውጣት ነበረበት፤ አልወጣም። ክንፎቿ መከፈት ጀመሩ። ከአጥሩ ማዶ ስልኮች ተነሡ።

ጠባቂው ግን ዛሬ ክንፎቿን ትቶ እግሯን አየ። ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ ተቀርቅሯል። የአንገቷ ላባ ቆሟል። አንድም ጉርሻ አልዋጠችም፤ ዓይኗ እሱ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ከዚህ በፊትም አይቶታል፤ ያኔ ደስታ መስሎት ነበር። እያፈገፈገ ወጣና በሩን ዘጋ።

ክንፎቿ ቀስ ብለው ተሰበሰቡ። ለሰዉ ጀርባዋን ሰጥታ መብላት ጀመረች።

"ምነው፣ ተኳረፋችሁ እንዴ?" አለች ሚስቱ።

"ሰላም ልትልህ ስትል እኮ ነው የወጣኸው" አሉ አባቷ። "ግባ እንጂ ልጄ! እኛም እንይልህ።"

ጠባቂው ድምፅ ማጉያውን አነሣ። ሰዉ ሁሉ እሱን ይጠብቃል።

"ሰላምታ አይደለም አባባ" አለ። "እንዳልቀማት ነው ሥጋዋን የምትሸፍነው። እስካሁን ተሳስቼ ነበር።"

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሚስቱ ግን አልሳቀችም። ሽማግሌው ወደ ንስሯ፣ መልሰው ደግሞ ወደ እሱ አዩ።

"ታዲያ ትወደኛለች ስትለን የኖርከው?"

"እሷን እንጃ" አለ ጠባቂው። "እኔ ግን እወዳታለሁ።"

ከዚያ ሰዉ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲልላት ጠየቀና፣ እሱ ራሱ ቀድሞ ከአጥሩ ራቀ።