ሁለቴ የተጻፈችው መስመር

ሚጣ የወንድሟ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን ስህተት ታጠፋለች። ዓይኗ አንዴ ስክሪኑ ላይ ነው፣ አንዴ በሩ ላይ። ቢሮው ገና ሰው አልገባበትም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ ባልዲዋን እየጎተተች በኮሪደሩ ታልፋለች።

«አሁንም ደግሞታል» አለች ለራሷ። ያው አንድ የኮድ መስመር ተከታትሎ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ትርፉን አጠፋች። ወረድ ብላ ጀምሮ የተወውን ቋጨችለትና ላከችው። ያን ጊዜ እንደ ሁልጊዜው በለውጥ መዝገቡ ላይ የወንድሟ ስም ወጣ። መዝገቡ ማን ምን እንደቀየረ የሚጽፈው ከማን ኮምፒውተር እንደተላከ አይቶ ነው፤ ወንበሩ ላይ ማን እንደተቀመጠ በምን ያውቃል?

«ሚጣ» የቤት ስሟ ነው። ለቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ወጣላት፤ ወንድሟ እዚህ ሲያስቀጥራት ስሟንም አብሮ አመጣባትና ይኸው ሠላሳን አልፋም የቢሮው ሰው ሁሉ ሚጣ ይላታል። እሱን ደግሞ «አባ መላ» ነው የሚሉት። አይበዛበትም። ቢሮው እንጀራውን የሚበላበትን ኤዲተር፣ ማለት ሰዎች ጽሑፍ የሚጽፉበትንና የሚያርሙበትን ፕሮግራም፣ ከመሠረቱ የሠራው እሱ ነው። የዚህ ኤዲተር ጥሩነቱ ጠበቃውም ለክሱ፣ ተርጓሚውም ለትርጉሙ የሚመቸውን ተቀጥላ እየጨመረ እንደልቡ ሊያደርገው መቻሉ ነው። መጥፎነቱም ይኸው ነው። ተቀጥላ በበዛ ቁጥር ሳንካ ይበዛል፤ ሳንካ በመጣ ቁጥር ደግሞ «አባ መላን ጥሩት» ነው። እሱም አዲስ ለተቀጠረ ሁሉ የሚላት አንድ ነገር አለችው፦ «ስህተት ስታዩ ከላይ ከላይ እንዳትሸፍኑ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም!»

ይህንን ሚጣ ከማንም በፊት ሰምታዋለች፤ ገና ልጅ እያለች፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ኪቦርድ ላይ ፊደል ሲያስመታት። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ያሳደጋት እሱ ነው።

በበጋው መግቢያ ላይ የሳሎን አምፖል ልቀይር ብሎ ከመሰላል ወደቀና ጭንቅላቱን ተመታ። ሐኪሙ መርምሮ ለጊዜው ደህና ነው አለ፤ ሚስቱንና ሚጣን ግን ለብቻ ጠርቶ አስጠነቀቃቸው። «ውስጥ ለውስጥ ደም ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል። መርሳት ወይም ነገር መደጋገም ከጀመረ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት። ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል።» ለማንኛውም ብሎ ቀጠሮ ሰጠው። ቀጠሮው ዛሬ ከሰዓት ነው።

መደጋገም ከጀመረ ሰንብቷል። ሚጣ ግን «ድካም ነው» አለች። እንዲህ ያለችው አምናበት እንዳይመስላችሁ፤ ፈርታ ነው። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ «እኔ ሥራ እንጂ ሰው አላውቅም» ባይ ናት። አባ መላ መስመር ይደጋግማል የሚል ወሬ ጆሮዋ ከገባ ነገ ከደጅ ነው። እስኪሻለው ድረስ እኔው ላጽዳለት ብላ ጀመረች፤ አንድ ጠዋት ሌላ ጠዋት እየወለደ እዚህ ደረሰች።

ስልኳ ጠራ። የወንድሟ ሚስት ናት።

«ሚጣዬ፣ ወንድምሽ ሐኪም ጋ አልሄድም አለኝ እኮ!»

«ለምን?»

«ድኛለሁ ይላል። ‹ማታ ትቼው የሄድኩትን ሥራ ጠዋት ከፍቼ ሳየው አንዲት እንከን የለበትም፤ የታመመ ጭንቅላት እንዲህ ይሠራል?› ብሎ አፌን አስያዘኝ። ቤት ግን አንዱን ነገር ሦስቴ ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ነኝ የማካብደው? አብረሽው የምትውይው አንቺ ነሽ፤ እስኪ እውነቱን ንገሪኝ።»

ሚጣ ስክሪኑን አየች። ያጸዳችው ኮድ ተደርድሮ ያምራል፤ ከሥሩም የወንድሟ ስም።

«ሥራው ላይስ ደህና ነው፣ እትዬ» አለች።

«ተመስገን! እንግዲያው አላስገድደውም።»

ስልኩን ዘጋች። ወዲያው ወንድሟ በሩን ከፍቶ የመኪና ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ።

«አንቺ! ገና በቁሜ ወንበሬን ልትወርሺ ነው?»

«ቻርጀር ፈልጌ ነው፣ ጋሼ።» ከወንበሩ ብድግ ስትል በመስኮቱ ወደ ግቢው አየች። «መኪናዋን ምነው እንዲያ አጋድመህ አቆምካት? የሁለት ሰው ቦታ ይዛለች።»

«ያቺን መኪና ከእኔ በቀር የሚነካት የለም፤ እንደፈለግሁ አጋድማታለሁ!»

እውነቱን ነው። ያቺን አሮጌ መኪና ሚስቱ እንኳ አንድ ቀን ነድታት አታውቅም። ተቀመጠ፣ መነጽሩን ጠረገ፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሚጣ፣ ቅድም ወንበሬ ላይ ምን ትሠሪ ነበር?» አላት።

«ቻርጀር» አለች ቀስ ብላ።

ረፋዱ ላይ ሥራ አስኪያጇ ከመስታወት ክፍሏ እየተንደረደረች ወጣች። ስልኳን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጣ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው። የሚያወራው ሽማግሌ ተርጓሚ ነው፤ የዱሮ ደንበኛቸው።

«ልጆቼ፣ ኮምፒውተር አትችልም በሉኝ፣ እሺ። እኔ ግን ሰኞ ለት የፊደል ማረሚያውን ተቀጥላ አንዴ አስኬድኩት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ሳልዘጋ ሳምንቱን ሙሉ ተረጎምኩ። ዛሬ አንዲት ቃል ላስተካክል ብዬ የመጨረሻዋን ለውጥ የምትሰርዘዋን ‹መልስ› የምትለዋን ቁልፍ ብነካ፣ ሳምንቱን በሙሉ መለሰብኝ!»

«ሌላ ቦታ ያስቀመጡት ቅጂ የለዎትም?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ቅጂ የምታስቀምጡልኝ እናንተ መስላችሁኝ!»

ማንም አልሳቀም። አባ መላ ግን ወንበሩን ስቦ እንደ ወጣት ተነቃቃ። «‹መልስ›ን የሠራኋት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ልታደርግ አትችልም» አለና ኮዱን ከፈተ። «እዩ። ተቀጥላው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኤዲተሩ የጽሑፉን ቅጂ ያስቀምጣል። ከላይ ያለችው መስመር ይቺ ናት። ተቀጥላው ሲጨርስ ደግሞ ከታች ያው መስመር እንደገና ትመጣለች። ላየው ሰው የተደገመች ትመስላለች እንጂ ሁለተኛዋ ከሌለች ‹መልስ› ማቆሚያ አጥታ እስከ መጀመሪያው ድረስ...»

ኮዱን ወደ ታች ጎተተ። ከታች ያለችው መስመር የለችም።

«ማን ነው ያጠፋት?» አለች ሥራ አስኪያጇ። ጎንበስ ብላ መዝገቡን አነበበች። ስትቆጣ አንቱታዋ ይበዛል። «እርስዎ ነዎት። ስምዎ ይኸው። ያለፈው ወር ላይ፣ ጠዋት።»

ሚጣ ያን ጠዋት አስታወሰችው። ወንድሟ መስመር እየደጋገመ ገጹን ሞልቶት ሄዶ ነበር፤ እየነቀለች ስትወርድ ይቺንም አገኘቻት። ድጋሚ ሁሉ በሽታ መስሎ መታየት ከጀመራት ቆይቶ ነበርና ከታመሙት ጋር ጤነኛዋን አብራ ነቀለቻት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይቺ ናት።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት?» አለ ወንድሟ።

«መዝገቡ አይዋሽም መቼም።»

«አይዋሽም» አለ። መነጽሩን አውልቆ ያዘው። «እንግዲህ እኔው ነኛ።»

ሥራ አስኪያጇ «ከሰዓት በኋላ እንነጋገራለን» ብላ ገባች። እሱም ተነስቶ ወደ ኋላው በረንዳ ሄደ። ሚጣ ተከተለችው። የብረቱን መደገፊያ ይዞ ቁልቁል መኪናውን ያያል።

«ትዝ አይለኝም፣ ሚጣ» አላት ሳይዞር። «ለእትዬሽ እንዳትነግሪያት። ያቺ መስመር ለምን ሁለቴ እንደተጻፈች ከእኔ በላይ የሚያውቅ አለ? እሷን ካጠፋሁ ምን ቀረኝ! እኔ እኮ ድኛለሁ ብዬ ነበር። ለካ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

«ጋሼ...»

«ሥራውን እለቃለሁ። ሐኪም ጋም አልሄድም፤ ሄጄ ምን ሊለኝ? ‹አልቆልሃል› ሊለኝ?»

«አንተ አይደለህም ያጠፋኸው። እኔ ነኝ።»

ዞረ። «አንቺ?»

«እኔ። ከአንተ ኮምፒውተር ላይ ሆኜ።»

ፊቱ ባንዴ በራ። «አንቺ የማትረቢ! ልቤን ቀጥ አደረግሽው እኮ! አለቀልኝ ብዬ ነበር!» ትከሻዋን ይዞ ነቀነቃትና ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ባማረ ነበር። ጥፋቱን እሷ ትሸከማለች፣ እሱ እየሳቀ ወደ ወንበሩ ይመለሳል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ እሷ ቀድማ ትገባለች። ሚጣ ይህን አሰበች፤ አላሰበችም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሳቁን አብራው ልትስቅ ሁሉ ከጅላ ነበር።

እሱ ግን ሳቁን ገታ። «ቆይ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ምን ትሠሪ ነበር?»

«የምትደጋግመውን አጠፋ ነበር።»

«የቱን?»

«በየጠዋቱ፣ ጋሼ። ከወደቅህ ወዲህ አንዱን መስመር ሁለቴ ሦስቴ ትጽፋለህ። ጀምረህ ትረሳዋለህ። ሰው ሳይገባ እየመጣሁ አጸዳልሃለሁ። ያቺም ከነዚያ አንዷ መስላኝ ነው።»

«ውሸት ነው።»

«ያ ንጹሕ ነው የምትለው ሥራ የአንተ እጅ ብቻ አይደለም።»

ድምፁ ከፍ አለ። «ታዲያ ታመሃል አትይኝም ነበር? ሐኪሙ የነገራችሁን እኔ የማላውቅ መሰለሽ? እትዬሽ ያንኑ ለት ነግራኛለች! እኔ እኮ በየጠዋቱ ሥራዬን ከፍቼ የማየው ለዚህ ነበር፤ ድኜ እንደሆነ ልይ ብዬ! አንቺ...» ትንፋሽ አጠረው። «እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩሽ?»

መልሷን ሳይጠብቅ የብረቱን ደረጃ እያንኳኳ ወረደ።

ሚጣ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ወደ ራሷ ኮምፒውተር ሄደች። የጠፋችውን መስመር መልሳ ጻፈች። ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «ሳትገባኝ ያጠፋኋት እኔ ነኝ» አለችና በገዛ ስሟ ላከችው። መስታወቱ ክፍል ገብታም ደገመችው። ሥራ አስኪያጇ «በሰው ኮምፒውተር፣ በሰው ስም? ይህ ሌላ ጉዳይ ነው» አለች። «ሌላ ነው» አለች ሚጣ። የሽማግሌው ሥራ ግን የሄደው ሄዷል።

ስትወጣ ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። የወንድሟ ስክሪን እንደተከፈተ ነው፤ ቆልፎ አያውቅም። ጠጋ ብላ አየችው። ከ‹መልስ› ኮድ ጎን የሚታየው ረፋዱ ላይ ስልኩ ሳይመጣ በፊት የጻፈው ነው፤ ያው አንዲት መስመር ሦስት ጊዜ ተደርድራለች።

ጣቷ ሳታዝዘው ማጥፊያዋ ላይ አረፈ። ከመስታወቱ ክፍል ሥራ አስኪያጇ ብትወጣ ታየዋለች። እሱ ከታች ቢመለስ ያየዋል። ሚጣ ጣቷን አነሳችና እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አወጣች።

«እትዬ፣ ጠዋት ዋሽቼሻለሁ» አለች። «ይደጋግማል። ብዙ ነው የሚደጋግመው። ሐኪም ቤት ደውይና ቀጠሮውን እንዳይሰርዙት ንገሪያቸው።»

ሴትየዋ ስታለቅስ፣ ቀጥሎም ስትሳደብ ሰማቻት። ስድቡን ሁሉ ተቀበለች።

ደረጃው ተንኳኳ። ወንድሟ ገባና ከጀርባዋ ቆመ። አልተነሳችም፤ ስክሪኑንም አልከለለችበትም። ጎንበስ ብሎ መስመሮቹን በጣቱ አንድ በአንድ ነካቸው፤ ሦስተኛዋ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው።»

«አልነካሽውም?»

«አልነካሁትም፣ ጋሼ።»

ጣቱን ከስክሪኑ ሳያነሳ ሌላኛውን እጁን ኪሱ ከተተና የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠላት።

«አንቺ ንጂ» አላት።